የበርሽ እጀታ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም «ቀጭ» ይላል? የስፌት መኪናሽ ፔዳል ተጠገነ ወይስ እስካሁን በጨርቅ አስረሽ ነው የምትረግጪው? የበርሽ እጀታስ ደህና ነው? አትሳቂ፣ ከምሬ ነው የምጠይቅሽ። ቅዳሜ ጠዋት የእኔን ፊት ሳታጥቢ እሱን ስትወለውዪ እያየሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ እጀታው ለእኔ ከቤተሰብ ይቆጠራል።

እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ ጤናዬ ደህና ነው። ሌላው ነገሬ ከማክሰኞ ወዲህ ደህና አይደለም። ምግብ ጎርሼ ማኘክ እረሳለሁ። ትናንት ሻዬ ውስጥ በስኳር ፈንታ ጨው ጨምሬ ግማሹን ከጠጣሁት በኋላ ነው የነቃሁት። ክው ብዬ ቀርቻለሁ፣ እማዬ። ሰው ሲያናግረኝ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የሚለው አይሰማኝም።

ስልክ ደወልኩልሽ። አነሣሽና «ድምፅሽ አይሰማም፣ ኔትወርኩ ነው» ብለሽ ዘጋሽው። እኔ ደግሞ ከጀርባሽ የስፌት መኪናው ሲንጓጓ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ይሁን፣ ኔትወርኩ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። ወረቀት አይቆራረጥም። ካልወደድሽው ለእጅጌ መቁረጫ ንድፍ አድርጊው፤ ወረቀቱ ጠንካራ ነው፣ ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት።

ሰዎች ስለ ሥራዬ ሲጠይቁሽ «ቢሮ ነው የምትሠራው» ብለሽ እንደምታልፊው አውቃለሁ። ለጎረቤቶችሽ ማስረዳት ይሰለችሻል ብዬ ነበር የማስበው። ሥራችን ዳቦ ማደል አይደለም። ማደሪያ ለሌላቸው ሰዎች ቤት የሚሆን በጀት እንዲመደብ ከመንግሥት ቢሮ መንግሥት ቢሮ እየዞርን ደጅ እንጠናለን። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲሉን እንቀመጣለን፤ «ነገ ኑ» ሲሉን ነገ እንመጣለን። አለቃዬን ታውቂያታለሽ፣ ያቺ «ሳይረን» የምንላት። በሹክሹክታ ስታወራ ከታች ፎቅ ያሉት ሰዎች መልስ ይሰጧታል። አንድ ጊዜ አንድ ሹም እሷን ሽሽት በጓሮ በር ሊወጣ ሲል እዚያም ቆማ ጠበቀችው፤ ከዚያ ወዲህ ስሟ የማይታወቅበት ቢሮ የለም።

እና ዘንድሮ ተሳካልን። ማለቴ ሊሳካልን ነበር። ሜዳ ለሚያድሩ ሴቶች የሚሆን ቤት፣ ለእያንዳንዷ የራሷ ክፍል፣ ከውስጥ የሚቆለፍ የራሷ በር ያለው። በጀቱን የሚመድበው ኮሚቴ ፊት ደርሰን አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረን፤ የሰፈሩ ሰው ቀርቦ ድምፁን ማሰማት። ያለ እሱ አይወሰንም። ለገንዘቡ ያሰፈሰፉ ሌሎችም አሉ፤ ገበያው ጋ የመኪና ማቆሚያ ይሠራበት የሚሉ።

ለቤቱ መጀመሪያ የታሰበው ከወንዙ ማዶ ያለው መጋዘን ነበር። ባለቤቱ በመጨረሻዋ ሰዓት ሐሳቡን ቀየረ። ከዚያ ኮሚቴው ሌላ ሕንፃ አገኘንላችሁ አለን፤ ከአንቺ ወጥ ቤት መስኮት ፊት ለፊት ያለው፣ የተዘጋው የድሮ ፖስታ ቤት። እማዬ፣ ደስታዬን ብታዪው! «እናቴ ሰፈር ነው! እናቴ መስኮት ሥር!» ብዬ ሳይረንን አቅፌ ዘለልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ልነግርሽ ደወልኩ፣ አላነሣሽም። ስፌት በዝቶባት ነው፣ ከስብሰባው በኋላ በአካል ሄጄ አበስራታለሁ ብዬ ተውኩት።

ለካ አንቺ መንገድ ላይ ነበርሽ።

አዳራሹን አየሽው መቼስ። ያ ሲነካ የሚጮኸው ማይክሮፎን፣ ንፋስ ሳይሆን አቧራ የሚያራግበው ማራገቢያ። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ሆኜ ወረቀት ሳስተካክል በሩ ተከፈተና የሰፈራችሁ ሰው ገባ። ባለፋርማሲዋ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ዳቦ ጋጋሪው ከነነጭ ሽርጡ። ከሁሉም ፊት ፊት ደግሞ ለእኔ ምረቃ ብለሽ የሰፋሽው ሰማያዊ ሙሉ ልብስ መጣ። ልብሱን አወቅሁት። ውስጡ ያለውን ፊት ግን ማወቅ አቃተኝ። «እናቴን የምትመስል ሴት» ብዬ ነው ለራሴ ያልኩት፣ እውነቴን ነው። ዐይንሽ እኔ ላይ አርፎ እንደ ግድግዳ አለፈኝ።

ሳይረን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማት፣ «ያቺ ሰማያዊ የለበሰችው ከባድ ትመስላለች፣ ማን ናት?» አለችኝ። «ልብስ ሰፊ ናት» አልኳት። «እናቴ ናት» የሚለው ከምላሴ ላይ ጠፋ።

ባለፋርማሲዋ ደግሞ መጥታ አቀፈችኝ። ምንም የሚያጣላ ነገር የሌለ፣ አብረን ሠርግ የመጣን ይመስል! «እናትሽ ባትኖር ማን ለተቃውሞ ያስተባብረን ነበር! ጉልበቷ እያመማት በር ለበር ዞረች እኮ። ‹ጠዋት መስኮት ስንከፍት እነሱን ልናይ ነው› ስትል እኔም ሆዴ ፈራ» አለችኝ። ፈገግ አልኩላት መሰለኝ። ጥርሴ ብቻ ነው የሳቀው። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚያች ደቂቃ ተቆጥቼሻለሁ። ስልክ ስንደዋወል ስለ ጉልበት፣ ስለ ዚፕ፣ ስለ ባለፋርማሲዋ ፀጉር ቀለም ስታወሪኝ እኔ የምለፋበትን ነገር የምታፈርሽው አንቺ ነበርሽ? የሰማይ ስባሪ ነው የወደቀብኝ።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥሽ። እንደ ልማድሽ የቦርሳሽን ማንገቻ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ጠመጠምሽና ቋጠርሽው። ያን ሳይ ነው እናቴ መሆንሽን የተቀበልኩት። የቤታችን ደንብ አይደል? እኔም ተማሪ እያለሁ የደብተር ቦርሳዬን እንዲያ አስሬ ስቀመጥ ልጆቹ «ፍየሏን ይዛ መጣች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አንቺ ደግሞ «ይሳቁ፣ ቦርሳሽ ግን አይጠፋም» ትዪኝ ነበር።

ንግግሩ ተጀመረ። መምህሩ ስለ ሰፈሩ ጸጥታ ተናገሩ፣ ስለ ልጆች ተናገሩ፣ ከዚያ የራሳቸውን ነገር ረስተው ፖስታ ቤቱ ድሮ ስንት ሠራተኛ እንደነበረው ወደማውራት ገቡ። ዳቦ ጋጋሪው ተነሣና «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ዳቦ እሰጣለሁ። ሩቅ ይሁኑልኝ እንጂ እዚያው ድረስ ተሸክሜ አደርሳለሁ። ደግሞ ክፍል ከተረፈ ንገሩኝ፣ ባለቤቴ ሰሞኑን ፊቷ ጥሩ አይደለም» ሲል አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አንቺም የሳቅሽ መስሎኝ ዞርኩ። አልሳቅሽም። ጉልበትሽ ላይ ያለውን ጨርቅ በጣትሽ ታጥፊ ትዘረጊ ነበር፣ ጠርዝ እንደሚሰፋ ሰው።

ከእኛ በኩል የተናገረችው አሮጊት «ጄኔራሏ» ትባላለች። ዕድሜዋን በሙሉ ማለት ይቻላል ውጭ ነው ያደረችው። ቢሯችን ስትመጣ ሁላችንንም ታዝዘናለች፤ ሳይረንን ሳይቀር «ቀስ በይ፣ ደንቆሮ አይደለሁም» ብላ ዝም የምታሰኝ እሷ ብቻ ናት። አንቺ ያለሽበት ረድፍ ጫፍ ላይ ነበር የተቀመጠችው። ማይክሮፎኑ ወደ እሷ ሄደ። ድሮ በአውቶቡስ መናኸሪያው አዳራሽ ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ታድር እንደነበር፣ ጣሪያው በጣም ከፍ ያለ በመሆኑ ድንቢጦች ጎጆ ሠርተውበት እንደነበር፣ ልጅ የያዙ እናቶችን መሐል አስተኝተው ሌሎቹ ዳር ዳር ይተኙ እንደነበር ተናገረች። «ጥበቃው ሲመጣ ተሳፋሪ ነን እንላለን። የት ነው የምትሄዱት ሲለን፣ አንዷ ‹ወደ ቤቴ› ስትል ሁላችንም እንስቃለን» አለች።

ከኮሚቴው ውስጥ ያ ፀጉሩን ያበጠረው ወጣት አለ አይደል? ክፋት የለውም፣ ጨዋ ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ ከወንበሯ ሥር አየና «እናቴ፣ እዚህ እኮ ጥበቃ አለ። ቦርሳዎን ከእግርዎ ይፍቱትና ዘና ብለው ያውሩን፣ አይጠፋም» አላት።

ጄኔራሏ ሳቀች። «እኔ መች አሰርኩት ልጄ? እግሬ ነው የሚያስረው። ሜዳ የምታድር ሴት ቦርሳዋን በእጇ ይዛ አትተኛም፤ እንቅልፍ እጅን ይፈታል። እግር ላይ ከሆነ ግን ሌባው ሳይቀሰቅስህ አይወስደውም። ለአዲስ ገቢ መጀመሪያ የምናስተምራት ቋጠሮውን ነው። ቤት ሰጥታችሁኝ በሬን ቆልፌ አልጋዬ ላይ ብወጣም የምተወው አይመስለኝም። እንዲህ አድርጋ የምትቀመጥ ሴት ስታይ የት ነበርሽ አትበላት። ዝም ብለህ ወንበር ስጣት» አለችው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሁሉም ጎንበስ እያለ የራሱን እግር አየ፣ የጎረቤቱን እግር አየ፤ ባለፋርማሲዋ «እኔ ቦርሳዬን ባለቤቴ ላይ ነው የማስረው» አለች።

እኔ አንቺን አየሁ።

እግርሽን ቀስ ብለሽ ወንበሩ ሥር አስገባሽው። ቀስ ብለሽ፣ እማዬ። እሳት የነካው ቁስሉን ሌላ እንዳያይበት እንደሚጠነቀቅ ሰው።

ከዚያ በኋላ ያለው እንዴት እንደተፈጠረ እስካሁን አይገባኝም። ሰብሳቢው «አሁን የሰፈሩ ተወካይ» ብሎ ጠራሽ። ብድግ አልሽ። ቋጠሮውን ረስተሽው ነበር። ቦርሳው እግርሽን ያዘሽ፣ ወንበሩ ተገለበጠ፣ ቦርሳው ተከፍቶ ሜትርሽ እንደ እባብ ተዘረጋ፣ መርፌ መያዣሽ ተንከባለለ፣ የቤትሽ ቁልፍ ቅጭል ብሎ መሬቱን መታ። ወረቀቴን በትኜ ተነሣሁ። ከሁላችንም በፊት የደረሰችው ጄኔራሏ ናት። ተንበረከከችና እጇን እግርሽ ላይ አደረገች። ወደ እግርሽ አላየችም። ቀና ብላ ማዶ ማዶውን እያየች፣ ሰውም እንዳያይ በቀሚሷ ከልላሽ፣ ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰስ አደረገችውና ፈታችው። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ እየታገልኩ የምፈታውን ቋጠሮ፣ እማዬ። ከዚያ ቁልፍሽን ከመሬት አንሥታ መዳፍሽ ውስጥ አስቀመጠችና ጣቶችሽን አንድ ላይ ጨበጥ አደረገቻቸው።

ማይክሮፎኑ ጋ ደርሰሽ ቆምሽ። ሰብሳቢው «እንስማ እንጂ እናቴ» አለሽ። «እኔ ዛሬ አልችልም» አልሽ። ድምፅሽ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር፣ የአንዲት ትንሽ ልጅ። ከዚያ ሰማያዊው ልብስሽ ከበሩ ወጣ። መምህሩ «ሙቀት ነው፣ ሙቀት ነው» ይላሉ።

ሰብሳቢው ለመጪው ማክሰኞ ቀጠሮ ሰጠ። ያ የመጨረሻው ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው። በሰፈሩ ተወካይነት የተመዘገብሽው አንቺ ያን ቀን ካልተናገርሽ፣ ይሁን ብለሽም ይቅር ብለሽም፣ ገንዘቡ በቀጥታ ለመኪና ማቆሚያው ይሄዳል። መኪኖቹ ተወካይ አያስፈልጋቸውም።

ሳይረን ደረጃው ላይ «ዝም አሰኘናቸው!» ብላ ስትጨፍር ከመንገድ ማዶ ሰው ዞሮ አየን። እኔ ለጄኔራሏ ውሃ ይዤላት ሄድኩ። ጠጣችና «ያቺ ሴትዮ ላይ ነገር እንዳትቆሰቁሱባት» አለችኝ። «ታውቂያታለሽ እንዴ?» አልኳት። «ሴትዮዋን አላውቃትም። ቋጠሮዋን ግን አውቀዋለሁ» አለችኝ። ከዚያ ብርጭቆውን እየመለሰችልኝ ወደ ታች አየች። እኔም አየሁ። የራሴ ቦርሳ እግሬ ላይ ነበር፣ እማዬ። ቆሜ እንኳ ማንገቻውን ጫማዬ ላይ ጠምጥሜዋለሁ።

አንድ ነገር አስታወሰኝ። ቢሮ የገባሁ የመጀመሪያ ቀን ጄኔራሏ ጠረጴዛዬ ሥር አይታ «አንቺ ደግሞ ማን አስተማረሽ?» ብላኝ ነበር። «እናቴ» ብያት ሳቅሁ። ያን ቀን እሷ አልሳቀችም።

ሌላም አለ። ልጅ ሆኜ የምነግርሽ ሕልም ትዝ ይልሻል? ጣሪያው ሩቅ የሆነ ትልቅ ቤት፣ ላዩ ላይ ትንንሽ ወፎች እየተሯሯጡ፣ ብዙ አክስቶች ዙሪያዬን ተኝተው። «እነዚያ አክስቶች የታሉ?» ስልሽ «ሕልም ነው፣ ተኚ» ትዪኝ ነበር። ደስ የሚል ሕልም ነበር እኮ። ፈርቼበት አላውቅም። ይህን ብቻ እንድታውቂልኝ ብዬ ነው፤ አንድም ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ምንም አልጠይቅሽም። መልስ ጻፊልኝም አልልሽም። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ ብፈልገውም አላገኘሁትም። «ጠዋት መስኮት ስንከፍት እነሱን ልናይ ነው» ያልሽውን ግን ከራሴ ማውጣት አልቻልኩም። ማክሰኞ ጠዋት በአንድ ጆሮ ሰማሁት፣ ዛሬ በሌላው እየሰማሁት ነው። ገበያው በእግርሽ የአምስት ደቂቃ መንገድ ሆኖ ሳለ በመናኸሪያው በኩል ላለማለፍ ለምን ሰፈሩን ሁሉ እንደምትዞሪም... ይኼው፣ አልጠይቅም ብዬ ልጠይቅ ነው። ተይው።

ስለ ማክሰኞ ብቻ ላውራሽ። «አይሆንም» ማለት ከፈለግሽ ነይና በዪ። እኔ ልጅሽ ነኝ፣ ከስብሰባው ወጥተን ክንድሽን ይዤ ቤትሽ አደርስሻለሁ፤ ነገርየው በእኔና በአንቺ መካከል አይገባም። ዝም ብለሽ ግን አትቅሪብኝ። ዝም ካልሽ ገንዘቡን የሚወስደው መኪና ነው። ግድግዳው ጥግ፣ ጀርባሽን የምታስደግፊበት ወንበር ከጎኔ ይዤልሻለሁ። ከኋላሽ ማንም አይቀመጥም። ቦርሳሽን እንደፈለግሽ ያዢው። የእኔ እንደሆነ እግሬ ላይ ነው የሚሆነው፤ የሚስቅ ሰው ካለ በእኔ ይሳቅ።

ይህን ሁሉ ሳስብ አንድ ነገር ልረሳው ነበር። ቤቱ ከተፈቀደ ፈጥነን ከምንገዛቸው ዕቃዎች አንዱ የበር እጀታ ነው፣ ለእያንዳንዱ ክፍል። ሳይረን ከሁሉም ርካሹን ልታዝዝ ስትል ጄኔራሏ ጠረጴዛ መታች። «እጀታ ማለት ቀላል ነገር መሰለሽ? ሰው መጀመሪያ የሚጨብጠው እሱን ነው» አለቻት። ቢሮ ውስጥ ግን ስለ እጀታ የሚያውቅ ማንም የለም፤ የትኛው ዝገት እንደማይዝ፣ የትኛው በክረምት እጅ እንደማያቀዘቅዝ፣ በምን ጨርቅ ሲወለወል እንደሚያበራ። እኔ አንዲት የምታውቅ ሴት አለች አልኳቸው። ማን እንደሆነች አልነገርኳቸውም።

ጉልበትሽን ያሽርልኝ። ዐይንሽን ለክር፣ እጅሽን ለመርፌ ያቆይልኝ። በርሽ ሁልጊዜ ከውስጥ የሚዘጋ፣ ስትፈልጊ ብቻ የሚከፈት ይሁንልሽ።

መሐል አስተኝተሽ ያሳደግሽኝ፣

ልጅሽ